እትዬን ለማስቀረት የወጣ የጉዞ ሰሌዳ

የአውቶቡስ መስመር በማስታወቂያ አይዘጋም። በማስታወቂያ ከተዘጋ ሰው ይጮሃል፣ አቤቱታ ይመጣል፣ አለቃ ይቆጣል። ስለዚህ ቀስ ተብሎ ነው የሚገደለው። የመነሻው ሰዓት ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ይደረጋል። ሌላ አውቶቡስ የሚለወጥበት ፌርማታ ዳገት ላይ ይወሰዳል። ሁለቱ አውቶቡሶች ደግሞ አንዱ ሲደርስ ሌላው ሲነሳ፣ ጀርባ ለጀርባ እንዲተያዩ ይደረጋል። ተሳፋሪው ጥቂት ጊዜ ሮጦ፣ ጥቂት ጊዜ ተራግሞ፣ በራሱ ጊዜ ይተወዋል። ያኔ «ሰው የለውም» ተብሎ ይሰረዛል። ማን ከለከለው? ራሱ ነው የቀረው።

በአውቶቡስ ድርጅቱ የስምሪት ክፍል የጉዞ ሰሌዳ የምታወጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ይህን ሥራ እንደ እሷ የሚያሳምረው አልነበረም። ባልደረቦቿ «ቀባሪዋ» ይሏታል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ከዳገቱ ሰፈር ዱላ ተመርኩዘው ለሚወርዱት አሮጊቶች ግን ሳቁ አልደረሳቸውም።

ይህች ቀባሪ የሌላውን ሰው መንገድ ስትወስን ኖራ የራሷን አገር እንኳ በወጉ አላየችም። የዓመት ፈቃዷ ሲጠራቀም ባሕር ማዶ ለመሄድ ቆረጠች። በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ፣ በየከተማው ጥቂት አዳር፣ ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት ሐይቅ፣ ደሴት፣ አሮጌ ግንብ። መኪና የሚባል ነገር አይነካም። መኪናው የቀረው ስለ እትዬ ነው። ታላቅ እህቷ ትንሽ መኪና ውስጥ ከገቡ ያጥወለውላቸዋል፤ ባቡርና አውቶቡስ ላይ ግን እንደ ንግሥት ነው የሚቀመጡት። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና እየዳኸች ነበር። እትዬ ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ፣ እሷን አዝለው አሳደጉ። «አብረን ነው የምንሄደው» ብላ ቃል የገባችውም እሷው ራሷ ናት። ማንም አንገቷን ይዞ አላስገባትም።

አንድ ቀን ገበያ ወጡ። እትዬ በየሱቁ ደጃፍ «እስቲ ልረፍ» እያሉ ቆሙ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ከማያውቁት ሻጭ ጋር ስለ ሽንኩርት ተጫወቱ። እሷ ዘንቢሉን ይዛ ስትጠብቅ አንድ ሐሳብ ሽው አለባት። ብቻዬን ብሆንስ? ማንም በማያውቀኝ ጎዳና እንደ ልቤ ብራመድስ? ሐሳቡ ኃጢአት አይደለም። ሰው ነች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ በሰው እጅ ውስጥ ነው። «እትዬ፣ ያሁኑንስ ብቻዬን ልሂድ» ማለት ትችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እሷ ግን ያቺን ማውጣት ከብዷት፣ የምታውቀውን ሥራ ሠራች።

እሑድ ከሰዓት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰሌዳውን ዘረጋችው። ሁለት ከተማ የነበረው አምስት ሆኗል። የደሴቱ ጉዞ ከጎሕ በፊት ይነሳል። ባቡር የሚለወጥበት ጣቢያ ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው በደረጃ ነው። የመጀመሪያው ማደሪያ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሊፍት የለውም ስትል የምታየው የሻይ ብርጭቆዋን ነበር።

እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙና ሻንጣውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። እኛው ነን አለቻቸው። «ጥሩ» አሉና ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመሩ። እሷም በልቧ አለቀ አለች። ነገ ከነገ ወዲያ «አንቺ ልጅ፣ እኔስ ይቅርብኝ» ይላሉ፣ እሷ ትንሽ ትለምናለች፣ እሳቸው እምቢ ይላሉ፣ እሷም ታዝናለች። ሐዘኑንም ሳይቀር አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር። ይህን ክፋት ካላልነው ምን ልንለው ነው?

ነገ መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ እትዬ ምንም አላሉም። የሕንፃው ዘበኛ ግን አንድ ጠዋት ሥራ ስትሄድ አስቆማትና እህቷ ለየትኛው ብሔራዊ ቡድን እየተዘጋጁ እንደሆነ ጠየቃት። ቀልዱ አልገባትም፣ ፈገግ ብላ አለፈች።

የገባት የቢሮው መብራት ጠፍቶ ቀድማ ወደ ቤት የተመለሰች ዕለት ነው። ደረጃው መሐል እትዬ አሉ። አንድ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ ጨብጧል፣ በሌላው ሻንጣ ይዘዋል። ወደ ቤት ሳይሆን ከቤታቸው አልፈው ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ፊታቸው በላብ ርሷል። ቀሚሳቸው ከፍ ሲል በፋሻ የተጠቀለለው ጉልበታቸው ታየ፣ እንደ ዳቦ አብጧል። ሻንጣውን ስትቀማቸው ከበዳት። ካውያና ሙቀጫ ነበር የከተቱበት፤ ባዶ እጅ የሚወጣ ደረጃ ልምምድ አይሆንም ብለው።

«አራተኛ ደርሻለሁ» አሉ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያረፍኩት።»

እሷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። መዋሸት ትችል ነበር፣ ሰሌዳው ተቀየረ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ጉልበቱን እያየች ግን አልሆነላትም።

«እትዬ፣ እንዲቀሩ ብዬ ነው ያከበድኩት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ደረጃውን፣ ሌሊት መነሣቱን። ሰልችቶዎት ይተዉታል ብዬ።»

እትዬ ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። ከታች የሆነ ሰው በር ዘጋ።

«ቅሪ ብትዪኝ እቀር ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በአፍሽ ብትነግሪኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ግን አልቀርም።»

አልተቆጡም፣ አላለቀሱም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ያን ቀን ማታ ሰሌዳውን ቀደደችና አዲስ ሠራች፦ ሁለት ከተማ፣ ጣቢያው አጠገብ ምድር ቤት ያለ ክፍል፣ ረፋድ ላይ የሚነሳ ባቡር፣ አንዳንዱን ቀን እሷ ብቻዋን የምትዞርበት፣ እትዬ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ሰው የሚያዩበት። እትዬ አዩትና ይሁን አሉ። ከዚያ በፊት እሷ የምታወጣውን ወረቀት አንድም ቀን አንብበው አያውቁም ነበር፤ ይህን ግን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡት።

ትኬት ልትቆርጥ ስትነሳ እትዬም ነጠላቸውን አነሱ። ጉልበትዎ ይረፍ፣ እኔ እበቃለሁ አለቻቸው። እትዬ ግን በሩን ቀድመው ከፈቱ። ወደ ትኬት ቢሮው በአውቶቡስ ሄዱ፣ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው።

መስኮቱ ኋላ ያለችው ሴት ስንት ሰው እንደሆነ ጠየቀች። እሷ አፏን ሳትከፍት ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«ሁለት ነን፣ የኔ ልጅ።»

እትዬ መስኮቱን ተደግፈው፣ ሁለቱም ስም ተጽፎ እስኪያልቅ ከቦታው አልተነቃነቁም። ሁለቱ ትኬቶች ሲወጡ እሷ እንደ ልማዷ ሁለቱንም ወደ ቦርሳዋ ልትከት እጇን ዘረጋች። እትዬ የራሳቸውን ለይተው ወሰዱና አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።