ለጉሎ ዘይት የተገዛ አረቄ

ፈቲያ አብዱልከሪም አረቄ ቀምሳ አታውቅም። ሆኖም በ2008 የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ሰበታ ውስጥ ከእሷ የበለጠ የአረቄ ደንበኛ ነበር ብሎ መማል ያስቸግራል።

ፈቲያ አዲስ አበባ እየተመላለሰች ኬሚስትሪ ማስተርሷን ትማር ነበር። ጥናቷ የጉሎ ዘይት ነው፤ ዘይቱን በኮስቲክ ሶዳ አብስላ ሳሙና ታደርገዋለች፣ ሳሙናውን መልሳ በአሲድ ታፈርሰዋለች፣ ያኔ የዘይቱ ፋቲ አሲድ ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። የቀራት ሥራ፣ ብዙ ፋቲ አሲድ የሚሰጠውን የሶዳ ልክና የማብሰያ ጊዜ ማግኘት ብቻ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፏ ዲፌንስ ካላደረሰችው የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው።

በዚህ መሃል አዲስ አበባ የምትሄድበት የጅማ መንገድ በድንጋይና በጎማ ተዘጋ። ፈቲያ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሰው አይደለችም፤ የተከራየችበትን ግቢ ማድ ቤት ላቦራቶሪ አደረገችው። ችግሩ ዘይቱና ኮስቲክ ሶዳው የሟሟበት ውሃ ተኳርፈው ለየብቻ መቀመጣቸው ነው። የሚያስታርቃቸው አልኮል ደግሞ አዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሂጃቧን አስተካክላ ጎረቤቷ እትዬ ቦሰና አረቄ ቤት ገባች።

"እትዬ ቦሰና፣ ጠንካራውን ይስጡኝ። ለዘይት ነው።"

"ለጉንፋን ነው የሚሉ ሞልተዋል፤ ለዘይት ያልሽኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉና ሁለቴ የወጣውን፣ ዳግሙን ቀዱላት።

ዳግሙም ቀጠነባት። እንደገና እንዲያወጡላት ለመነቻቸው፤ ሳሙናው መያያዝ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሶዳውን ትንሽ ስትቀንስ፣ ጊዜውን ትንሽ ስትጨምር፣ በየቀኑ ሃይላንዷን ይዛ ትመላለስ ጀመር።

ወሬን ጎማ አያቆመውም። ዓለም ገና ያሉት አባቷ ሐጂ አብዱልከሪም ጆሮ ደረሰና በእግራቸው ገሰገሱ። ማድ ቤቱ በር ላይ ሲቆሙ ግቢው አረቄ አረቄ ይሸታል። ፈቲያ ፍል ውሃ ላይ የተቀመጠውን ድስት ታማስላለች፤ እጇን ካቆመች ዘይቱ ይለያል።

"አባዬ፣ መነሳት አልችልም። ቢቆጡኝም እያማሰልኩ ልስማዎት።"

ሐጂ አልተቆጡም። ጫማቸውን አራግፈው ተቀመጡና ሳሙናው ሲወጣ፣ አሲዱ ሲጨመር፣ ቢጫው ፋቲ አሲድ ከላይ ሲንሳፈፍ አዩ።

"ያ ሁሉ አረቄ የገባው እዚህ ነው?"

"አዎ። አሁን ለአንድ ሙከራ የሚሆን ዘይት ቀርቶኛል፤ አረቄው ግን አለቀ። ሰው በእርስዎ ስም እየሳቀ ነው አባዬ፣ ከእንግዲህ አልሄድም። ይቅርብኝ።" እንባዋ መጣ።

ሐጂ እዚያው አደሩ።

በማግስቱ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነበርና ሰፈርተኛው በየደጁ ቆሞ ያወራል። ሐጂ አብዱልከሪም ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ባዶውን ሃይላንድ አንጠልጥለው፣ በመንገዱ መሃል ለመሃል እትዬ ቦሰና በር ድረስ ሄዱ።

"አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ሐጂ" አሉ እትዬ ቦሰና ደንግጠው።

ሐጂ ደጅ የቆመው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ጠንካራውን ይሙሉልኝ። ለልጄ ነው።"