የተዋስኩት ቀሚስና የነፃ ሕክምናው ወረቀት

ዛሬም ቢሆን አንዲት ልጅ በቴሌቪዥን ቀርባ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ስትባል ስሰማ ክው እላለሁ። የአባቷ ሥራ ምን አገባቸው? ግጥሟን አንብባ አትወርድም?

ጊዜው የደርግ ነው። መርካቶ፣ ከሸማ ተራ ጀርባ በነበረው ሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የልጆች ፕሮግራም ሲጀምር ሲሚንቶው ላይ ተደርድረን እናያለን። አስተማሪያችን እዚያ ቀርቤ ግጥም እንዳነብ ስትመርጠኝ አሥር ዓመቴ ነበር። ሰፈሩ በደስታ አበደ። ችግሩ ቀሚሴ ነው፤ እናቴ ብታጥበው ብትተኩሰው ቀዳዳው አልደበቅ አለ። በእኛ ግቢ ግን ሠርግም ሆነ ኢድ ሲመጣ ያለው ለሌለው ማዋስ የተለመደ ነው። ባለጥለት ቀሚስ ከሸማ ነጋዴዋ ጎረቤታችን፣ ጫማ ከልብስ ሰፊው ልጅ፣ የወርቅ ጉትቻ ደግሞ በዚያ ሰሞን ካገባችው ሙሽራ መጣልኝ። በመስታወት ራሴን ሳይ አላመንኩም።

የተቀረጽነው ሐሙስ ነው። ግጥሜን አንድም ሳልሳሳት አነበብኩ። አቅራቢዋ ግን አልለቀቀችኝም።

«እንዴት ያለ ቆንጆ ቀሚስ ነው! ማን ገዛልሽ?»

«አባዬ» አልኩ።

«ጎበዝ! አባትሽ ምን ይሠራል?»

አባቴ ከወሎ መጥቶ ሸማ ተራ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ በጀርባው የሚያመላልስ ኩሊ ነው። ሥራውን ሲጠየቅ «ኩሊ ነኝ» የሚለው ጮክ ብሎ ነው። እኔ ግን ካሜራው ሲያፈጥብኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሱቅ አለው» አልኩ።

እስከ ቅዳሜ «ያቺን ብቻ ይቁረጧት» እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ሰነበትኩ። አልቆረጧትም። ድምፄ ከሳጥኑ ወጥቶ «ትልቅ ሱቅ አለው» ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ደግነቱ የጭነት መኪና ገብቶ አባቴ ሥራ ላይ ነበር። ሲመጣ እናቴ «ግጥሙን አሳመረችው» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ጎረቤቶቹም አዝነውልኝ ነው መሰለኝ አልነገሩትም። እሱ ሰኞ ዕለት ላገኘው ሁሉ «ልጄ በቴሌቪዥን ታየች» ሲል ዋለ።

ትንሹ ወንድሜ የልብ ሕመምተኛ ነበር። በየወሩ መርፌ ይወጋል፤ ቀኑ ካለፈ ጉልበቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሕክምና ለድሃ ነፃ ነው ተብሏል፤ ድሃ መሆንህን ግን ቀበሌ መስክሮ ማኅተም ካልመታበት ድሃ አይደለህም። ይህን ያወጣው ሰው ልጁ ታሞበት ያውቅ ይሆን እላለሁ። የእኛ ወረቀት የሚታደሰው በዚያው ሳምንት ነበር። እናቴ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ልጇ ወርቅ የምታደርግ ሴት ድሃ ነኝ አትበል አሉኝ» አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ።

«የሰው ወርቅ እኮ ነው!» አለ አባቴ። «ነገ ባለቤቶቹን ይዘን እንሄዳለን።»

የመርፌው ቀን አልፏል። ወንድሜ ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ።

በማግስቱ ያዋሱኝ ሁሉ ወደ ቀበሌ ተከትለውን መጡ። ሸማ ነጋዴዋ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀሚሱ የኔ ነው» ብላ ከዘንቢሏ አወጣችው። ልብስ ሰፊው ጫማውን አሳየ። ሙሽራዋ ጉትቻዋን ከጆሮዋ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሊቀመንበሩ አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ።

«ይሄስ ይሁን እትዬ» አላት ሸማ ነጋዴዋን። «ሱቁንስ ማን አዋሳት?»

«የምን ሱቅ?» አለ አባቴ።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ንገሪን፤ አባትሽ ምን ይሠራል?»

አባቴ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። መልሱን ያውቀዋላ።

«ኩሊ ነው» አልኩ።

«በቴሌቪዥንስ ምን አልሽ?»

የምገባበት ጠፋኝ። «ነጋዴ ነው... ትልቅ ሱቅ አለው።»

የአባቴ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የመሸከሚያ ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ከጉትቻው አጠገብ አስቀመጠው።

«ሱቄ ይሄ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ገመዱን ትንሽ አየውና ማኅተሙን አነሳ።

አባቴ ወንድሜን አዝሎ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ፣ በመሳለሚያ በኩል ወደ ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ክፍል ስንደርስ ጸሐፊው ወረቀቱን አየና ብዕሩን አነሳ።

«የአባት ሥራ?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኩሊ» አለ።