ዋይስ በመጋዘን ውስጥ ያወጣቸው የጨዋታ ሕጎች

ዋይስ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። በ1970 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ አፋፍ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፣ ሐዲድ ለሚያፈነዱ ሰርጎ ገቦች መንገድ ትጠቁማለህ ተብሎ ከሥራው ላይ ተያዘ። ያሰሩት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ባለቤቱ ጥሎት በሸሸ መጋዘን ነው። እስረኛው ከግማሽ የሚበልጠው እንደ እሱ በሰርጎ ገብነት፣ የቀረው በኢሕአፓነት የተጠረጠረ ነበር። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጣሳ ውኃ ይፈነካከታሉ። ከኢሕአፓዎቹ ወገን የታሰረው የባቡር መካኒክ ሣህሉ ደግሞ ወንድሙ ጅጅጋ ግንባር ላይ ስለሞተበት ሶማሊኛ ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ዋይስ በገባ በሳምንቱ ሣህሉ ጭንቅላቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጋጨው፤ ቅንድቡ ተተረተረ።

ጨዋታው የተጀመረው ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። ዋይስ የዳቦ ፍርፋሪ በምራቅ አሽቶ ስድስት ጎን ያለው ጠጠር ሠራ፤ ሲደርቅ በየጎኑ ነጥብ ጫረበት። ከድሬዳዋ አቅራቢያ ሐርላ በሚባለው ጥንታዊ ፍርስራሽ ሥር ስለተቀበሩት ግዙፍ ሰዎች የሰማውን ተረት መነሻ አድርጎ፣ ዘንዶ የሚጠብቃት፣ ንጉሥ ያላት ከተማ ፈጠረ። አንዱ አዳኝ ሆነ፣ አንዱ ጠንቋይ፣ አንዱ የግመል ቅፍለት መሪ። ዋይስ የሚገጥማቸውን ይነግራቸዋል፤ እነሱ የሚያደርጉትን ይመልሳሉ፤ መሳካቱን ጠጠሩ ይወስናል። ሣህሉ ጀርባውን ሰጥቶ ከረመ። አንድ ቀን ሰዎቹ በተረቱ ውስጥ የተቆለፈ የብረት በር ፊት ቆመው ሲጨቃጨቁ ግን አላስቻለውም፤ ማጠፊያውን ለምን አትነቅሉትም ብሎ ዞረ። ከዚያ በኋላ አንጥረኛ ሆኖ ገባ።

መጀመሪያ ነገሩ ባሰ። በጨዋታው የተገደለ ሁሉ ገዳዩን በእውነት ይደበድበዋል። አዳኙ የሞተበት ሰው፣ ጠጠሩን በሌባ እጅ ነው የጣልከው ብሎ የጓደኛውን ጆሮ በጥርሱ ዘነጠለ። ዋይስ ደሙን እየጠረገ አሰበበት፤ ሲነጋ አንድ ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ጠጠሩን የሚጥለው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው፤ በሌላ እጅ ሞትኩ የሚል እንዳይኖር። እንደዚያም ሆኖ ጠቡ አልቆመም። ጠብ የሚያነሱት ሞተው ከጨዋታው የወጡትና ሥራ ፈትተው የተቀመጡት መሆናቸውን ሲያይ ሁለተኛውን ጨመረ፦ የሞተ አይወጣም፣ ወደ ዘንዶው ወገን ዞሮ ይዋጋል።

ሣህሉ አልተቀበለውም። “አቦ፣ የሞተ ተመልሶ የሚናገርበት ሕግ የት አገር ነው ያለው?” አለ።

“እዚህ ቤት፣ ጋሼ ሣህሉ” አለው ዋይስ።

ሰዉ ሳቀ፤ ሕጉም ጸደቀ። ከዚያ ወዲያ በተረቱ ውስጥ አንገት ሲቀላ፣ ሆድ ሲዘረገፍ ይውላል፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን ቡጢ የሚሰነዝር ጠፋ።

አንድ ዘበኛ “ነገ በሩን ሰብረን ንጉሡን እንገድላለን” ሲባል ሰማ። ዋይስን ወስደው፣ እጅና እግሩን አስረው በእንጨት ላይ ዘቅዝቀው ሰቀሉት፤ ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉት። የሐርላው ንጉሥ ማን እንደሆነ ጠየቁት። ተረት ነው አለ። ቆዳው ተልጦም የሚለው ያንኑ ነበር። በመጨረሻ መርማሪው ሣህሉን አስጠራ፤ ጠጠሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ እውነት ጨዋታ ከሆነ ከእኔ ጋር ተጫወቱ አለ። ራሱን የጦር አዛዥ አደረገ። ሣህሉ ገና ከመጀመሩ የአንጥረኛውን መዶሻ በአዛዡ አናት ላይ አነሳ። በሕጉ መሠረት ተመቺው መርማሪ ጠጠሩን ጣለ። አንድ ወጣ።

“ሞተዋል፣ ጓድ” አለ ዋይስ።

“እንደገና እጥላለሁ።”

ዋይስ ቢፈቅድለት ጨዋታው መርማሪው እንደጠረጠረው የውሸት መሸፈኛ ይመስላል፤ ቢከለክለውም የሚመጣውን ያውቃል። “ለማንም ፈቅደን አናውቅም” አለ። መርማሪው የዋይስን ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ላይ አስዘርግቶ በሰደፍ መታው። ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ።

በማግስቱ ማለዳ ሣህሉ ከሌሎች ጋር ስሙ ተጠራ፤ አልተመለሰም። ሬሳቸው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተጥሎ ዋለ። የተገደለው በጨዋታው መዶሻ ምክንያት ይሁን ቀድሞ ተፈርዶበት ዋይስ እስከ ዛሬ አያውቅም።

መጋዘኑ ውስጥ አንጥረኛው ምን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። ዘንዶው ይብላው ያለም ነበር። ዋይስ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ሦስተኛውን ሕግ ተናገረ፦ ተጠርቶ በወጣ ሰው ላይ ጠጠር አይጣልም። አንጥረኛው በተረቷ ከተማ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ጦርነት የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይለዋል።

ዋይስ በ1972 ተፈታ። የሣህሉ ሚስት የሺአረግ መጋላ ሰፈር ያለው ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ባሏ የመጨረሻ ቀናቱን እንዴት እንዳሳለፈ ጠየቀችው። ሳይደብቅ ነገራት።

“እሱ ሊገደል እናንተ ትጫወቱ ነበር?”

“አዎ፣ እትዬ።”

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ወር ያህል ቆይታ ተመለሰች፤ በሩ ላይ እንደቆመች “አንጥረኛው ሚስት ነበረችው?” አለች።

ዋይስ ሊዋሽላት ቃጣው፤ ተወው። ስለ ሚስት አንስቶ አያውቅም አላት።

“እሱ የቤቱን ነገር ለሰው አያወራም” አለችና ገብታ ተቀመጠች። ስለ ከተማዋ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲነግራት ጠየቀችው፤ ዋይስም ሣህሉ ወደ ጨዋታው የገባበት የብረት በር ጋ እስኪደርስ ሳያቋርጥ ነገራት።