ይቀመጡ

ሚስማሯ ይሏታል። የዩኒቨርሲቲው ፍሬም ሠሪ ናት፤ ሸራ ትወጥራለች፣ እንጨት ትገጥማለች፣ አንዴ ነገር ከያዘች ደግሞ በጉጠትም አትነቀልም።

ሥራውን ያስያዟት እዚያው ሥዕል ያስተምሩ የነበሩት ሽማግሌ ሠዓሊ ናቸው። የሰው ፊት አይስሉም፤ ቀለም ከቀለም፣ ማዕዘን ከማዕዘን እያጋጩ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። “ይሄ ደግሞ ምኑ ነው?” ላላቸው ሁሉ መልሳቸው “ቁጭ ብለህ እየው፣ ራሱ ይነግርሃል” ነበር። ሸራ መግዣ ላጣ ተማሪ ከራሳቸው ጥቅል ቆርጠው ይሰጣሉ፤ እሷ የምትሠራበትን ወርክሾፕም ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሊሞቱ ሲሉ የሥዕል ትምህርት ክፍሉን ሰዎች አልጋቸው ዙሪያ ሰብስበው “ሥዕሎቼ ለተማሪዎቹ ይቀመጡላቸው” አሉ።

ተቀመጡላቸው። ምድር ቤት፣ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር፣ በሁለት ቁልፍ።

እርጥበቱ እሷ የገጠመችውን የፍሬም ማዕዘን ማላቀቅ ጀመረ። ይህንንስ በቻለችው፤ አንድ ቀን ግን ሸራ ልታስወጥር ለመጣች ተማሪ ስለ ሠዓሊው ስታወራላት፣ ተማሪዋ “እሳቸው ማን ናቸው?” አለቻት። ሚስማሯ መዶሻዋን አስቀምጣ በቀጥታ ንብረት ክፍል ሄደች።

የንብረት ኃላፊው እዚያው ግቢ ተምሮ ያደገ ነው፤ አንተ ትለዋለች። ሥዕሎቹ ይሰቀሉ አለችው። ቢጠፉ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው አላት፤ ደግሞም የሟች ቃል ይከበራል፣ ያሉት “ይቀመጡ” ነው።

“እንግዳ ሲመጣባቸውም ‘ይቀመጡ’ ይሉ ነበር” አለችው። “ታዲያ መጋዘን ይከቱት ነበር?”

ጸሐፊዋ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ኃላፊው ግን ጥርሱን አላሳየም፤ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል አለ። ኮሚቴው ሌላ ኮሚቴ ወለደ። ሚስማሯ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች፤ በየደረሰችበት “ይቀመጡ እትዬ” ይሏታል፣ ቃሉ እንደ እሾህ እየወጋት ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ የሰጧት የጥገና ፈቃድ ነው፣ እሱም ላንድ ሥዕል ብቻ። የቀሩት እዚያው ይሻግታሉ።

አንዱን አወጣች። ማዕዘኑን አጣብቃ ወርክሾፑ ውስጥ፣ ተማሪዎች ተራ ከሚጠብቁበት ፊት ለፊት ሰቀለችው። ቆመው ያዩታል፣ ይጨቃጨቁበታል፤ ያቺም ተማሪ ያለ ሥራዋ መመላለስ አብዝታለች።

ሰነባብቶ ኃላፊው ሥዕሉን ሊወስድ ራሱ መጣ። “እስካሁን አልጨረሱም እንዴ እትዬ?”

ሚስማሯ ወንበር ስባ ሥዕሉ ፊት አደረገችለት። ለመጀመሪያ ጊዜም አንቱ አለችው።

“ሙጫው አልደረቀም። ይቀመጡ።”