ለውሃ ብዬ የተዛመድኋቸው ሰዎች

ነገሌ የደረስሁት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ፣ በፍቅር ረገድ ግን ምንም ሳልይዝ ነው። መሥሪያ ቤቴ የላከኝ የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች እንድጠግን ነበር፤ እናቴ ደግሞ ባል ሳትይዢ እንዳትመለሺ ብላ ሸኝታኛለች። ሁለቱንም ሥራዎች በእኩል ትጋት እንደያዝኋቸው መመስከር እችላለሁ። በመጀመሪያው ተሳክቶልኛል።

የተከራየሁት ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ነበር። አከራዬ የጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ሚስት፣ ከጎንደር መጥተው አርባ ዓመት ነገሌ የኖሩ፣ በግቢያቸው ያላገባች ሴት ማየት እንደ ተከፈተ ቧንቧ የሚያስጨንቃቸው እትዬ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ወንዶች አቀረቡልኝ። አንደኛው የሰፈሩ ሻምበል፣ ዶክትሬቱንም ልቀጥል አስቤ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የጠየቀበት ድምፅ ሰው ስለ ታመመ ዘመድ የሚጠይቅበት ነው። ሁለተኛው ከክብረ መንግሥት የመጣ ወርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ራሱ ነግሮኝ ሲያበቃ ዝምተኛነቴን አመሰገነ። ሦስተኛው መምህር ነበር፤ እሱንስ ወድጄው ነበር። ነገር ግን የሁለታችን ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ እሱም እኔም ረግጠነው በማናውቀው አንድ የሰሜን ወረዳ፣ በስድስተኛው ቤት ተገናኘን። እትዬ አለቀሱ። እኔ ሳቅሁ፤ በሞቱ ሰዎች ስም የሚፈርስ ጋብቻ ለተማረ ሰው መሳቂያ እንጂ ማዘኛ አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው። በዚያ ዘመን ለሰው ብዙ ነገር አስረዳ ነበር።

የተመደብሁበት ጉድጓድ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል። ወንዶች በመሰላል ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ እየተቀባበሉ ውሃውን ከጥልቀት ያወጡታል። ስለ ጥልቀቱ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንብቤ ነበር። ያላነበብሁት ስለ ሥርዓቱ ነው። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚደነግግ፣ የትም ያልተጻፈ፣ ማንም ግን የማይስተው ሕግ አለ። ቃለ ጉባኤና ማኅተም ያላቸው ብዙ የውሃ ኮሚቴዎች አይቻለሁ፤ እንደዚህ ተራን የሚያከብር አላየሁም።

ያቀድሁት ከብቶቹ የሚጠጡበትን የጭቃ ገንዳ በሲሚንቶ መተካት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ በትሕትና ሰሙኝ፤ ሦስት ጊዜም በትሕትና ሸኙኝ። በአራተኛው፣ የጉድጓዱን ተራ የሚያስጠብቁት አዛውንት ወገኔ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ቦረና በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ሳቦና ጎና ይባላሉ። ከሁለቱ የአንዱ ያልሆነ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ ይመገባል፣ ይከበራል፤ ስለ ጉድጓድ ግን አይናገርም። የጉድጓዱ ባለቤቶች ጎና መሆናቸውን አውቅ ስለነበር፣ ቅጽ እንደሚሞላ ሰው፣ ጎና ልሁን አልሁ።

አዛውንቱ አልሳቁም። ሌሎቹን ጠርተው ሲመካከሩ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ወተት አጠጥተው መረቁኝ። በሳምንቱ ሲሚንቶው ተፈቀደ። እኔ አንድ ብልህ የአሠራር ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ፣ በሪፖርቴ ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በሚል ርእስ ሥር ጻፍሁት።

እነሱ ግን የሚሉትን የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ወባ ሲጥለኝ ሁለት ሴቶች ከጉድጓዱ መንደር በጭነት መኪና ተሳፍረው መጥተው አራት ቀን አስታመሙኝ። እትዬ እነማን እንደሆኑ ቢጠይቋቸው፣ እህቶቿ ነን አሉ፤ ለምን እንደሚጠየቁም አልገባቸውም። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የተራው ድልድል በቃል ሲነገር፣ በመጨረሻ የእኔም ስም ተጠራ። አንዲት ጥጃ እንኳ የለኝም። ለሌሉት ከብቶቼ ግን ተራ ተይዞላቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከሜጋ የተዛወረ፣ የቦረና ተወላጅ የሆነ የእንስሳት ሐኪም መጣ። እሱን የወደድሁበትን ምክንያት በትክክል መናገር እችላለሁ፤ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ «አላውቅም» ይል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ቃል ከወንድ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አራት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሻይ ቤት እየተቀመጥን ስለ ውሃና ስለ ከብት አወራን፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ወግ የለም። በመጨረሻ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበና ወደ ማን ቤት መላክ እንደሚገባው ጠየቀኝ። እናቴ ሩቅ ናት አልሁት። ከዚያም ደስ ይለዋል ብዬ፣ እዚህም ወገን አለኝ፣ ጎና ነኝ ብዬ ጨመርሁለት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። የት ጉድጓድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ማን እንደመረቀኝ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳበ። እሱም ጎና ነው፤ ጎና ጎናን አያገባም። ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ጉዳዩ አስተዳደራዊ መሆኑን አስረዳሁት።

«ከለቀቁሽ በሳምንቱ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። «ካልለቀቁሽ ወንድምሽ ነኝ።»

እትዬ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ፣ የራስሽ ሰባት ቤት አልበቃ ብሎሽ የሰው ቤት ቆጠራ ውስጥ ገባሽ?» አሉኝ።

በማግስቱ ሐኪሙ ራሱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወሰደኝና፣ ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ አንድ ግራር ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። አዛውንቱን ከተራ ጠባቂዎቹ ለይቼ፣ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርሁ።

«አባ፣ ያኔ ጎና ልሁን ያልኋችሁ ለሥራ ብዬ ነው።»

«እናውቃለን» አሉ። «ሰው ሁሉ ለሥራ ነው የሚዛመድ። ለውሃ ነው፣ ለሣር ነው። አንቺ ለምን መስሎሽ ነበር?»

ይህ በንግግሬ ውስጥ አልነበረም። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። ሐኪሙ ወደ ቆመበት ግራር ቀና ብለው አዩና መለሱልኝ።

«ውሃ ስትፈልጊ ኢንታላ ኬኛ ነበርሽ፣ ልጃችን። ባል ስትፈልጊ እንግዳ ትሆኛለሽ?»

ቁጣ አልነበረበትም። መንገድ እንዳለው እንኳ ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ እኔ በፊታቸው ቆሜ፣ ልጃችሁ አይደለሁም፣ አልነበርሁምም እላለሁ። ያ ይበቃል። ማንም አይቀየመኝም፤ ገንዳውም ባለበት ይቆያል።

አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የላቦራቶሪ ውጤት እንደምመረምር መረመርሁት። ወተቱን በጠጣሁበት ቀን ይህ ዐረፍተ ነገር እውነት ነበር። አሁን ግን እነዚያ ያስታመሙኝ ሁለት ሴቶች ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ቆመው ሲሰሙኝ ታዩኝ፤ ሐሰት ሆኗል። መቼ ሐሰት እንደሆነ ቀኑን ማግኘት አልቻልሁም። ነኝ ያልሁትን አምኖ የሚቀበለኝ ሰው ፍለጋ አንድ ዓመት ሙሉ ሻምበልና ነጋዴ ፊት ስቀመጥ፣ ከግማሽ ቀን መንገድ ማዶ አንድ መንደር ሙሉ ሰው ነኝ ያልሁትን አምኖ ተቀብሎኝ ነበር። ያላመንሁት እኔ ነበርሁ። ይህን ያህል ከተማሩ በኋላ ይህን ማወቅ ደስ አይልም።

«አልልም» አልኋቸው።

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። አላመሰገኑኝም፤ በዚህም እስከ ዛሬ አደንቃቸዋለሁ። ወዲያው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ገንዳው ከተሰነጠቀ አንድ ወር ሆኖታል አሉ፤ ልጅ የሠራችውን መጥታ ታያለች፣ እኔ ግን ከከተማ አልወጣም፤ ሲሚንቶው ላይ አሸዋ ማብዛቴን ያኔም ተናግረው ነበር፤ የተማረ ሰው ጆሮ የለውም። እንግዳን እንዲህ የሚናገር ቦረና አይቼ አላውቅም። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍሁ። ቅዳሜዎቼን የት እንዳሳለፍሁ ግን አልነገርኋቸውም።

ስቀርብ ሐኪሙ ከግራሩ ጥላ ወጣ። ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። ሊለቁኝ ይችሉ እንደነበር ነገርሁት።

«እና?»

«እኔ ነኝ ያልለቀቅሁ።»

ቁልፉን ከኪሱ እያወጣ፣ «እዚያ ብኖር ተለቀቂ ብዬ እለምንሽ ነበር» አለ።

«አትለምንም» አልሁት። «የወደድሁህም ስለማትለምን ነው።»

ይህንንም ሲያስብበት ቆየና፣ እንደ ልማዱ፣ «አላውቅም» አለ። መንገዱ ላይ ከወጣን በኋላ ገንዳው መሰንጠቁን ብነግረው፣ ስንጥቁ ከላይ ይሁን ከታች ጠየቀኝ። ከታች ነው አልሁት። ከብት ሲጠማው በጉልበቱ እንደሚገፋ፣ ስለዚህ መሠረቱ በድንጋይ መታሰር እንደነበረበት፣ የሜጋ ሰዎች እንዴት እንደሚያስሩት እያስረዳኝ ነገሌ ደረስን። ወንድሜ ስለ ገንዳው የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር።