የእሱ ጽድ፣ የእኔ ጽጌረዳ

በአናጺ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አዲስ የተጋዘ ጽድ ከሸተተኝ ቆም እላለሁ፤ ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ የነበረው ግቢያችን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

አባቴ መሪጌታ ነበር። እኔ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሣ ጽጌረዳ፣ ታናሽ ወንድሜ አበጀ በአርባ ቀኑ ሲነሣ ደግሞ ጽድ ተክሎልን ነበር። የእኔዋ በየዓመቱ በቀይ አበባ ትሸፈን ነበር፤ የእሱ ግን ክረምት ከበጋ ያው አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆም «የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ» እያልሁ አሾፍበት ነበር። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ጽጌረዳ ሙሽራ ናት፣ አጊጣ ትሄዳለች፤ ጽድ ግን ምሰሶ ነው፣ ቤት ይዞ ይቀራል» እያለ ሲስቅ እበሽቅ ነበር።

በበጋ ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳሁ ሁለቱንም ማጠጣት የእኔ ሥራ ነበር። እኔ አስር፣ አበጀ አራት ዓመት በሞላን በጋ ግን ቅናት ይዞኝ፣ የጽዱን ድርሻ ሁሉ ለጽጌረዳዬ እያፈሰስሁ፣ «አጠጣሽው?» ስባል «አዎ» እያልሁ በጋውን ገፋሁት። መሬቱ ድንጋያማ ስለነበር ጽዱ እስከ ግንቦት ቡናማ ሆኖ ደረቀ፤ ክረምቱም አላነሣውም። እናቴ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ታማትብ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ወባ ሲገባ አበጀ ተኛ። አባቴ በጀልባ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሊያደርሰው አቅፎት ተነሣ፣ እናቴ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«አያንገላቱብኝ መሪጌታ፤ ጽዱ ቀድሞ ነግሮናል። እቤቱ ጠበል እየጠጣ ይሰንብት።»

አባቴ ወደ ጽዱ አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ያደረቅሁት እኔ ነኝ ብል ልጁ ጀልባ ላይ እንደሚወጣ ያኔም ገብቶኝ ነበር፣ ግን ዱላውን ፈራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየርሁ ዝም አልሁ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተ።

አሁን እናቴ ባሕር ዳር ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጅ የሞተባት ጎረቤት ባጽናናች ቁጥር፣ «እኔስ እግዜር በጽዱ ቀድሞ አሳይቶኝ ነበር» ትላለች፤ እስከ ዛሬ ያቆማት ይሄ ነው። ያኔ ዝም ያልሁት ለራሴ ፈርቼ ነበር። ዛሬ የምፈራው ለእሷ ነው፤ እውነቱን ብነግራት፣ ልጇን ይዞ የሚወጣውን አባቴን በሩ ላይ ቆማ የመለሰችው እሷ መሆኗ ብቻ ይቀራታል።