ጥገኛ ማለት ምን ማለት ነው

መጀመሪያ ያቃተኝ ስም መጥራት ነው። አርሲ ውስጥ፣ ዲክሲስ በምትባል ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ጠዋት የተማሪዎቼን ስም ስጠራ መዝገቡ እኩሌታ ላይ ድምፄ አልወጣ አለኝ። መዝገቡን ለክፍል አለቃዋ ሰጥቼ ጨርሺው አልኳት። ጉንፋን ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ።

ከዚያ እንቅልፌ ጠፋ። ምግብ ገለባ ሆነብኝ። መታጠብ ከበደኝ። መሞትን ማሰብ ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ተማሪ የምመክር ሴት፣ ሻሼን አስተካክዬ ደህና ነኝ እያልኩ ሰነበትኩ።

አመሌ የቆየ ነው። እናቴ ስትሞት ጎጃም አክስቴ ቤት አደግኩ፤ እዚያ የተማርኩት ለሰው ሸክም አለመሆንን ነው። ዲክሲስ የተከራየሁት አዴ ዘይነባ ግቢ ነው፤ አዴ በአገሩ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ባላቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው አግብተው ሄደው ብቻቸውን የቀሩ እናት ናቸው። ጩኮ፣ ያንን በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በሳህን ይልኩልኛል። እኔ በማግስቱ ሳህኑን ስኳር ሞልቼ እመልሳለሁ። ጨዋነት መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ውለታ እንዳይኖርብኝ ነበር።

አሰላ ሆስፒታል የሄድኩት ርዕሰ መምህራችን መክሳቴን አይተው ሄደሽ ታዪ ብለው ስለጨቀጨቁኝ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ መሞት ታስቢያለሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሜጀር ዲፕሬሲቭ ዲስኦርደር፣ ማለትም ከባድ የድባቴ ሕመም መሆኑን ነግሮኝ ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ።

"ዛሬ ብቻሽን አትመለሺም" አለኝ። "መድኃኒቱን የሚይዝልሽ፣ አብሮሽ የሚያድር ሰው ይምጣ። ካልሆነ እዚሁ ሆስፒታል አስተኛሻለሁ።"

ሰው የለኝም አልኩ። ካርዱ ላይ የቅርብ ተጠሪ በሚለው ቦታ የራሴን ስልክ ነበር የጻፍኩት።

ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ነርስ መጠይቅ ይዞ መጣ። ሕሙማንንም በአካባቢው ያሉ ጤነኛ ሰዎችንም እየጠየቁ አታችመንትን፣ ማለትም አዋቂ ሰው ከሚቀርበው ሰው ጋር ያለውን ቁርኝት፣ እንደሚለኩ አስረዳኝ። ካልፈለግሁ መተው እንደምችልም ነገረኝ። መምህር ነኝና ፈተና አልጠላም። አንዱ ጥያቄ "በሰው ላይ ጥገኛ መሆን ምቾት ይነሳኛል" ይላል። በጣም እስማማለሁ የሚለው ላይ ምልክት ሳደርግ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው።

ነርሱ ጥገኛ ሲባል ምን እንደገባኝ ጠየቀኝ። የኮሶ ትል አልኩት። ለእኔ ጥገኛ ማለት በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው፣ አንጀት ላይ ተጣብቆ የሰው ምግብ የሚበላ ፍጥረት ነው። አልሳቀብኝም።

"የኦሮምኛው ቅጽ ኢርከቹ ነው የሚለው" አለኝ። "መደገፍ። የደከመው ሰው ግድግዳ እንደሚደገፈው።"

አለቀስኩ። ስልኬን አውጥቼ አዴ ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

የት ነሽ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ፣ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ደረሱ። አጠገቤ ተቀምጠው ወረቀቱን አዩት።

"ይሄንንማ እኔም ቤት መጥተው ጠይቀውኛል" አሉ። "ሲከፋዎት ማን ጋ ይሄዳሉ አሉኝ። ያቺ አስተማሪ አለች አልኳቸው። ሳህን ስትመልሺ ትንሽ ትቀመጫለሽ እኮ ልጄ። እኔ ጩኮውን ለዛ ነው የምልከው።"

መድኃኒቱ ለውጥ ለማምጣት ሳምንታት ወሰደ። በእነዚያ ሳምንታት አዴ ዘይነባ ፍሎክሰቲኑን ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈው፣ በየጠዋቱ አንዷን ፍሬ በመዳፌ አድርገው እስክውጥ ድረስ ፊት ለፊቴ ይቆሙ ነበር፤ እኔም እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አሳያቸውና ሁለታችንም እንስቃለን። ሐኪሙ በኋላ አቮይዳንት የሚባለው፣ ከሰው የመሸሽ ነገር እንዳለብኝ ሲነግረኝ፣ በሽታ ሳይሆን በልጅነት የተለመደ ራስን መጠበቂያ እንደሆነና ቀስ እያለ እንደሚላላ አብሮ አስረዳኝ። አንድ ቀን ክፍል ገብቼ መዝገቡን ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው ጠራሁ።

ሐኪሜን፣ ያንን ነርስ፣ ከሁሉ በላይ አዴ ዘይነባን አመሰግናለሁ። እንደኔ የሆናችሁ፣ መሞት ካሰባችሁ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሰው የለኝም ከማለታችሁ በፊትም ጎረቤታችሁን ደግማችሁ አስቡ።

ጩኮው አሁንም ይመጣል። ሳህኑን በማግስቱ ባዶውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቁጭ ብዬም አመሻለሁ።